የአምባዬ አንታልያ

አዳማ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ቤት ስትገቡ እስቲ ግድግዳውን ልብ በሉ። ከቡፌው በላይ አንድ ያረጀ ፎቶ አይጠፋም። ሙሽሮች ይሆናሉ፣ የተመረቀች ልጅ ትሆናለች፣ ወይ ከወንጂ ለበዓል የመጡ ሦስት ጓደኛሞች ይሆናሉ። ማንም ይሁኑ፣ ከኋላቸው ባሕር አለ። ባሕሩ ዳር ገደል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ክብ ግንብ፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ አናታቸው የነጣ ተራሮች። ሰዎቹ ካሜራውን አያዩም። ዓይናቸው ራቅ ብሎ ሄዷል፣ አፋቸው ትንሽ ከፈት ብሏል፤ አንድ የሚወዱት ሰው ከሩቅ ሲጠራቸው የሰሙ ይመስላሉ።

ያ የአምባዬ እጅ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አምባዬ አንድም ሰው «ፈገግ በል» ብሎ አያውቅም። ፈገግ በል የተባለ ሰው ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳየው ባይ ነው። የሱ አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ «የት ጋ ልትቆሚ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሙሽራ ግንቡ ጋ፣ ወታደር ወደቡ ጋ፣ ተማሪ ባለ ሦስት ቅስቱ በር ጋ፤ አቋቋሙ የታወቀ ነው። ከዚያ ካሜራው ኋላ ገብቶ ቀስ ብሎ ማውራት ይጀምራል።

«አሁን አንታልያ ነሽ፣ እሺ? ጠዋት ነው። ያደርሽው አሮጌው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሰገነቱ የእንጨት። ስትወጪ ግራና ቀኙ የብርቱካን ዛፍ ነው፤ የመንገድ ዳር ነው፣ ባለቤት የለውም። አንዱን ቀጥፈሽ እየላጥሽ ትወርጃለሽ። ደረጃ አለ፣ ረጅም ነው፣ ቀስ በዪ። ከታች ትንሿ ወደብ። አንዱ ባለ ጀልባ ‹ነይ፣ ፏፏቴው ባሕር ላይ ሲወድቅ ላሳይሽ› ይልሻል። አትቸኩይ፣ ለከሰዓት አቆዪው። መጀመሪያ ግንቡ ጋ ሂጂ። ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ ደገፍ በዪው። ነፋሱ ይምጣልሽ…»

ነፋሱ የሚለው ጋ ሲደርስ ፊቱ የቆመው ሰው የለም፣ በሐሳብ ሄዷል። ጠቅ! የሚያነሳው ያኔ ነው።

የአዳማ ሰው በዚያ ጨርቅ ፊት ቆሞ ስንት አገር አየ መሰላችሁ። የበጋው አቧራ ከውጭ መስኮቱን ሲደበድበው፣ ባጃጅ በሩ ላይ ሲያንባርቅ፣ እነሱ ባሕር ዳር ናቸው። ታዲያ ጉዱ ምን መሰላችሁ? አምባዬ ራሱ አንታልያን አይቶ አያውቅም። አንታልያ ቀርቶ ባሕር አይቶ አያውቅም። ሰውየው በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውኃ ቆቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰብ ወደባችን በነበረበት ጊዜ መሐመድሰዒድ የሚባል መርከበኛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ሲያልፍ፣ አንድ ጥቅል ፊልም ሊያሳጥብ መጣ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ተቀምጦ ስለዚያች የሜዲትራኒያን ዳር ከተማ ሲያወራ ዋለ፤ ግንቡን፣ ቅስቱን፣ ፏፏቴውን፣ ብርቱካኑን። አምባዬ ያኔ አፍላ ወጣት ነው፣ ሰምቶ አልጠገበም። መርከበኛው ምሳ ሊበላ ወጣ ሲል አምባዬ ከፊልሙ ውስጥ ባሕሩ በደንብ የወጣበትን አንዱን መረጠና፣ እንዳይደረስበት እየቸኮለ፣ በማጉያው አንድ ትልቅ ፎቶ ለራሱ አወጣ። ሌባ አትበሉት፤ መሐመድሰዒድ የራሱን ፎቶዎች ሳይጎድሉበት ይዞ ሄዷል። ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

አምባዬ ክረምቱን ሙሉ ያንን ፎቶ እያየ አራት ሜትር አቡጀዲ ላይ ሣለው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን ከየት ያምጣው? ባሕሩን በበር ቀለም ቀባው፣ ግማሽ የአዳማ በር በተቀባበት በዚያ ሰማያዊ። ቀለሙን አብዝቶ ስላቀጠነው አቡጀዲውን ዘልቆ በጀርባው ወጣና ግድግዳውን ሁሉ አበላሸው። የተራሮቹን አናት ነጭ አደረገው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሲጠየቅ «ደመና ነው» ይላል።

እንዲያ ባለ በሦስተኛው ወር ዲንቄ መጣች። ዲንቄ የኦቦ ጫምሳ ልጅ ናት፤ አባቷ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጣችው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ነው። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ነጭ ግድግዳ እንጂ ባሕር አይፈልግም። እሷ ግን ጨርቁ ፊት ቆማ ቀረች።

«ይሄ አገር የእውነት አለ?»

«አለ እንጂ!»

«አንተ በምን አወቅህ?»

እንግዲህ እዚህ ጋ «ከመርከበኛ ሰምቼ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ቀላል ነበር። አምባዬ ግን ዓይኗን አየ። የወንጂ ልጅ ዓይን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አንድ ክረምት ኖሬበታለሁ» አለ። ከመርከበኞች ጋር፣ ፎቶ አንሺ ሆኜ፣ ምናምን። ወጣ፤ አለቀ። ቃል አንዴ ከወጣ መመለሻው የት ነው?

ዲንቄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ፎቶ ሳያስፈልጋት መጣች። በዓመቱ ተጋቡ። ጫጉላቸውን ሶደሬ ሄዱ፣ ሁለት ቀን። ዲንቄ እግሯን ሙቁ ውኃ ውስጥ ነክራ «አንታልያ እንዲህ ነው?» ብትለው፣ «እንዲህ ነው፤ ዙሪያው ግን ግድግዳ የለውም» አላት። እሷ ይሄን ስታስብ አንዱ ጦጣ ዳቧቸውን ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ። «አንታልያ ጦጣ አለ?» አለችው። «የለም» አለ አምባዬ በሙሉ ልብ፤ ስለ ጦጣ መርከበኛው ምንም አላለም ነበር።

ፎቶ ቤቱን አብረው ያዙት። እውነቱን ለመናገር ከሱ እሷ በለጠች። ከጨለማው ክፍል የሚወጣውን የምታጣራው እሷ ናት። አምባዬ ሲቸኩል ፊልሙን ማጉያው ላይ ገልብጦ የማስገባት አመል አለበት፤ ያን ጊዜ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ሰው አያስተውለውም። ዲንቄ ግን መጀመሪያ የምታየው እጅ ላይ ነው፤ የሰውየው ሰዓት በቀኝ እጁ ከሆነ ፊልሙ ተገልብጧል ማለት ነው። አንዴማ የሞጆው ሹፌር ማናሴ ግራ ጉንጩ ላይ የነበረው ጠባሳ ቀኙ ላይ ሆኖ ወጣ። «ማል ጎቴ፣ ምን አደረግህ፣ አምባዬ! የሰው ጠባሳ አዛወርክ?» ብላ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች።

እንዲህ እያሉ ሠላሳ አራት ዓመት ሆናቸው። ስልክ መጣ፣ ሁሉም ራሱን አንሺ ሆነ። አሁን ፎቶ ቤቱ የሚኖረው በጉርድ ፎቶና በፎቶ ኮፒ ነው። ጨርቁ ግን እስካሁን እንደተሰቀለ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ዲንቄ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና «እስቲ ደሞ የቅስቱን በር ንገረኝ» ትላለች። አምባዬ ይነግራታል። ዓመት በዓመት አንድ ነገር ሲጨምርበት የኖረ ከተማ ነው፤ አሁን አሁንማ እሱም የትኛው የመርከበኛው፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ አይለየውም። አንዳንዴ ጧት ሲነቃ ያቺን ደረጃ በእውን የወረዳት ይመስለዋል፤ ጉልበቱን እስከማመም ይደርሳል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ጂጂ። የልብስ ሱቅ አላት፣ ዕቃ ልታመጣ ኢስታንቡል ትመላለሳለች። ባለፈው ታኅሣሥ መጣችና እናትና አባቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ፣ «በጥር አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ። አንታልያ። አባቢ የድሮ አገርህን ታያለህ፣ እማዬ ደግሞ ሕልሟን» አለች።

ዲንቄ እልል አለች። አምባዬ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

እዚያ ቢሄድ ምን ሊሆን ነው? መንገድ ጠፍቶት በየጥጉ ሲዞር፣ የአገሩን ሰው በምን ቋንቋ እንደሚያናግር ሲያጣ ዲንቄ ታያለች። መዋሸቱን ብቻ አውቃ ቢያበቃ በወደደ። «ያገባሁት ሌላ ሰው ነው እንዴ?» ብትልስ? እሷ የወደደችው ባሕር ያየውን ሰው ነው። ባሕር ያላየውን አምባዬን ማን ያውቀዋል? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳው።

«ጉልበቴን አሞኛል፣ አልችልም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው «ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ ይነሳል። አንድ ቀን ልብሷን ስትተኩስ አጠገቧ ቆመና «ዲንቄ» አላት። «አቤት» አለች። «…ሹራብ ያዢ፣ ይበርዳል» ብሎ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ሻንጣ ስትዘጋ «ዲንቄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ንገረኝ» አለችና ቀና ብላ አየችው፤ ያ የድሮው ዓይን። «ብርቱካኑን እንዳትረሺ» አላት። ፈሪ! ሌላ ምን ይባላል?

እሷ ግን ሐዘኗ ሌላ ነበር። «ያላንተ ምን አያለሁ? መንገዱን ማን ያሳየኛል?» ትላለች። በመጨረሻ አምባዬ ጨርቁ ፊት ተቀመጠና በወረቀት ነደፈላት። ከላይ አደባባዩ። «እዚህ ቆመሽ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት አድርገሽ፣ ወደ ቀኝ። ገደሉን ይዘሽ ሂጂ፣ ግንቡ ጋ ትደርሻለሽ።» ወረቀቷን አጥፋ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠቻት።

ሄዱ። አምባዬ ብቻውን ቀረ።

አንታልያ በደረሱ ማግስት ስልኩን ሻርጀር ላይ ሰክቶ ጨርቁ ፊት ተቀመጠ። የአንታልያ ሰዓትና የኛ ሰዓት አንድ ነው። ይሄንን የነገረችው ጂጂ ናት፤ እሱ ደግሞ «አውቃለሁ» ብሎ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አባቢ፣ ወደ ቀኝ ሄድን፣ ሄድን፣ ሄድን፣ ግንብ የለም» አለች ጂጂ። «ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታይም። ስልኬ በግራ ነው ይላል። እማዬ ግን እምቢ ብላ…»

ከኋላ የዲንቄ ድምፅ መጣ፤ ደክሟታል፣ ግን አልተሸነፈችም። «አባትሽ ኖሮበታል እኮ! ስልክሽ ኖሮበታል?»

ያኔ ነበር መናገር። አምባዬ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «ከተማው ተቀያይሮ ይሆናል» የሚል ነው። ስልኩን ሲዘጋ በራሱ አፈረ። ምሳም አልበላም። ጉርድ ፎቶ ፈልገው የመጡ ሁለት ልጆችን «ማሽን ተበላሽቷል» ብሎ መለሳቸው። ባለቤቱ በዝናብ ውስጥ የሱን ውሸት ተሸክማ ስትሄድ እያሰበ ቁጭ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደገና ጮኸ፤ አሁን በኢሞ ነው፣ ምስል አለው። ዲንቄ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷ በብርድ ቀልቷል።

«ጂጂስ?»

«ሻይ ልታመጣ ሄዳለች። አምባዬ፣ ጠራልን! አደባባዩ ላይ ነኝ። ቆይ፣ ላሳይህ፤ ሙሽራ እንደምታቆመው ልቁምልህ።» ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጠችና ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

አምባዬ ከተማዋን አየ። ከዲንቄ ትከሻ ኋላ፣ የእውነት፣ ውኃ ነበር። ማለቂያ የለውም። ገደሉ አለ። ግንቡም አለ፣ ክብ፣ ቢጫ። ተራሮቹም አሉ። ልቡ ዘለለ፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው። ተራሮቹ በቀኝ ናቸው። ቀና ብሎ ጨርቁን አየ፤ በግራ። ስልኩን አየ፤ በቀኝ።

ዲንቄ እሱን አይደለም የምታየው፤ ስልኳ ጥግ ላይ ራሷ የምትታይባትን ትንሿን መስኮት ነው። እዚያች መስኮት ውስጥ ስልክ ሰውን እንደ መስታወት ነው የሚያሳየው።

«እኔ ጋ እኮ ልክ እንደኛ ጨርቅ ነው የሚታየው» አለች ቀስ ብላ። «ግንቡ በቀኝ፣ ተራራው በግራ። ቁርጥ እሱ።» ዞር ብላ ባሕሩን በዓይኗ አየች፤ ተመልሳ ስልኳን አየች። ከዚያ እጇን ወደ ፊቷ አነሳችው። «ሰዓቴ ቀኝ እጄ ላይ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማል።

«አምባዬ። ፊልሙን ገልብጠኸዋል።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስትለው የኖረችው ነገር ነው፣ በዚያው ድምፅ ነው ያለችው። ድምፅዋ የተሰበረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፎቶ ነው ያየኸው። ከተማውን አይደለም። ቆሞ ያየ ሰው ግራና ቀኙን አይስትም። አንተ እዚህ መጥተህ አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ አምባዬ። ቃሉ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ የነበረ አንድ ነገር አብሮ ወጣ። «ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ዲንቄ። አንድም ቀን። ያኔ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ስንት ቀን ልነግርሽ ነበር፣ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት በዝናብ እንዳስኬድከኝ ታውቃለህ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ልጄን ተቆጣኋት እኮ! ‹አባትሽ ኖሮበታል› እያልኩ። ተናድጃለሁ፣ አምባዬ። በጣም ነው የተናደድኩት። ስመጣ ነው የምነግርህ፣ በስልክ አያልቅልኝም።»

«እሺ» አለ።

ትዘጋዋለች ብሎ ጠበቀ። አልዘጋችውም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ባሕሩን አየች፣ ተመለሰች።

«ጨርቁን አውርደው» አለችው።

አምባዬ ጨርቁን ልታስጥለው ነው ብሎ አሰበ፤ ብታስጥለውም አይፈረድባትም። «ልጣለው?»

«አውርደህ ገልብጠህ ስቀለው ነው የምልህ። ግድግዳውን ሳጥብ የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ቀለሙ በጀርባው ወጥቷል።»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቁሞ በርጩማ ላይ ወጣ። «ጉልበትህ ዳነ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከስልኩ መጣ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አቧራው አስነጠሰው፣ አንዲት እንሽላሊት ከጨርቁ ሥር ወጥታ ጣራ ላይ ወጣች። አቡጀዲውን አዙሮ ሰቀለውና ወረደ፤ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው።

ከተማዋ እዚያ ነበረች። የበሩ ሰማያዊ በጀርባው ቀጥኖና ገርጥቶ፣ ውኃ መስሎ ወጥቷል። ግንቡ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደብዘዝ ብሏል። ተራሮቹ በቀኝ ናቸው። ስልኩን አየ፤ በቀኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ትክክለኛዋ አንታልያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከኋላው ቆማ ኖራለች።

«አሁን ፊቱ ቁም» አለች ዲንቄ። ቆመ። «እዚያ አይደለም፣ ግንቡ አሁን በግራ ነው። ወደ ግራ። ትንሽ ጨምር። እዚያ ጋ ቁም።»

አምባዬ በሕይወቱ በዚያ ጨርቅ ፊት ቆሞ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ካሜራው ኋላ ነው። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

«ፈገግ በል አልልህም» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች። «ውኃው የበር ቀለም አይደለም፣ አምባዬ። ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ይጠቁራል፣ አሁን ደግሞ ፀሐይ ስትገባ እንደ ኑግ ዘይት ሆኗል። ብርቱካኑን ቀጥፌ ቀመስኩት። መራራ ነው፣ አይበላም፣ ጂጂ ሳቀችብኝ። ተራራው ላይ ያለው ደመና አይደለም፣ በረዶ ነው። ደረጃውን ነገ ነው የምወርደው። ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንድ ሽማግሌ መንጠቆ ጥሎ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ዓሣ አልያዘም፣ ግን አልሄደም። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ይሄን አልነገርከኝም።»

«አላወቅሁም ነበራ» አለ አምባዬ።

«አላወቅክም» አለች። «ነገ ታዲያ ወዴት ልሂድ? ምን ልይ?»

ሠላሳ አራት ዓመት ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። ገረጣ ባለው ባሕር ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ፤ የሚለው ነገር ፈለገ፣ ምንም የለም። ዓይኑ ከስልኩ አልፎ፣ ከበሩ አልፎ፣ ከመናኸሪያው ጫጫታ አልፎ ሄደ።

«እኔ እንጃ» አለ። «አንቺ ንገሪኝ።»

ከስልኩ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ይኸው» አለች ዲንቄ። «አነሳሁህ።»